ቀለም የማይገባው ልብስ ሰፊ

የእኔን ክፍልና የልብስ ሰፊውን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። በዚህ በኩል የእኔ የጽሕፈት መኪና፣ በዚያ በኩል የእሱ የስፌት መኪና፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ መኪናዎች ሲንጫጩ ኖረዋል። ቴአትር ቤታችን ትንሽ ናት። ደራሲዎች ተውኔታቸውን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ልምምድ ላይ ደግሞ መድረኩ ጥግ ተቀምጬ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃሉን አቀብላለሁ። እሱ ንጉሡንም ለማኙንም ያለብሳል። ሰው ሁሉ «ሜትሮ» ነው የሚለው። መለኪያው ሜትሮ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሚስቱ «ተኝቶም አይፈታውም» እያለች ታማዋለች።

ያን ቀን ወጣቱ ደራሲ ከፊቴ ተቀምጦ አዲሱን ተውኔቱን እየነገረኝ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ ሰው ሲያዝን ማየት አይችልም፣ ስለዚህም ይመስለኛል ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ የሚያሳዝን። የአሁኑ ዋና ሰው ቀለም የማይለይ አትክልተኛ ነው።

«ይጻፉልኝ እትዬ፤ ‹እኔ ዓለምን የማያት እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ነው። ጥቁርና ነጭ። ሰማዩ አመድ፣ ሣሩ አመድ፣ ያንቺም ፊት አመድ።› ከዚያ ያለቅሳል።»

ቅንፍ ከፈትኩ፣ «ያለቅሳል» አልኩ፣ ቅንፍ ዘጋሁ።

ያኔ ነው ከግድግዳው ወዲያ ያለው መኪና ቀጥ ያለው። የሜትሮ መኪና ስፌቱ ሲያልቅ ቀስ እያለ ነው የሚቆመው፤ እንደሚቀመጥ ሰው። ይሄኛው ግን መሐል ስፌት ላይ ነው የቆመው። እኔ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ይሰማኛል፤ አመሌ ነው። ግን ክር ተበጥሶበት ይሆናል ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ደራሲው ቀጠለ። አትክልተኛው ሰማያዊ ኮቱ ሲቀደድ ራሱ በቢጫ ጨርቅ ይጥፈውና ሳያውቀው ለብሶት ይወጣል፤ ተመልካች ይስቃል። ወዳጁ ቀይ አበባ ስጠኝ ስትለው እጁን እያንቀጠቀጠ ይዳብሳል፤ ተመልካች ያዝናል። በመጨረሻው ትዕይንት ሐኪም መጥቶ ዓይኑ ላይ መድኃኒት ጠብ ያደርግለትና ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም አይቶ ይንበረከካል።

«እዚህ ላይ ሰው ሁሉ መሐረብ ያወጣል» አለኝ፣ የራሱ ዓይን እንባ አቅርሮ።

ከዚያ የአልባሳቱን ዝርዝር ይዞ ወደ ጎረቤቴ ዞረ። ጣውላው ምንም አይደብቅም።

«ጋሽ ሜትሮ፣ አንድ ሰማያዊ ኮት፣ ክርኑ ላይ ቢጫ እራፊ።»

«ቢጫ?»

«ደማቅ ቢጫ። ሰውዬው ቀለም ስለማይለይ ራሱ ጥፎት ነው።»

«ቢጫማ በሰማያዊ ላይ ለእነሱም አይምታታባቸውም» አለ ሜትሮ።

«እነማን?»

መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ሰዎቹ… ማንም ሰው ማለቴ ነው። ይሁን እስቲ፣ ተወው፣ እሠራዋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ኮቱ ደረሰ። ደራሲው ከበሩ ላይ ሲጮህ እኔ ወረቀት እየለወጥኩ ነበር።

«ጋሽ ሜትሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ምንድነው? ቡናማ ኮት፣ ጥቁር አረንጓዴ እራፊ! ይሄ እኮ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም። ሰው በምኑ ይስቃል?»

«የሚያየው ሰው ይስቃል» አለ ሜትሮ በለሆሳስ።

«እኔ ቢጫ ነው ያልኩት!»

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ሥራ አስኪያጃችን ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ የሚናገሯትን ግን በደንብ ይጠቀሙባታል። ባለፈው ዓመት ጆሮው እየከበደ የመጣውን የመብራት ሠራተኛ «ቤትህ ሄደህ አረፍ በል» ብለው በአንድ ጠዋት አሰናብተውታል፤ አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው። አሁንም በሜትሮ በር ላይ ቆመው፣ «የተጻፈውን ስፋ። ደራሲ ልሁን ካልክ ወረቀት አለልህ» አሉት።

«እሺ ጋሼ» ሲል ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ወደኔ መጣ። አመጣጡ አዲስ አይደለም። ለዓመታት፣ አዲስ ክር በገባ ቁጥር የክሩን ጥቅል እጄ ላይ ያኖርና «እህቴ፣ ለዚች ስም አውጪላት» ይለኛል። እኔም አየት አድርጌ «ቅጠልያ»፣ «ወይን ጠጅ»፣ «የደረቀ ሣር» ብዬ በትንሽ ካርቶን እጽፍለታለሁ፤ እሱ በክር አስሮ ሣጥኑ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው እል ነበር። እንዲያውም ስም ሳወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጅ ክርስትና እንደማንሳት።

ዛሬ ግን ክሩን ከሰጠኝ በኋላ በሩን ዘጋና ደራሲው ይቀመጥባት በነበረችው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እስካሁን ለስንቱ ስም አውጥተሻል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሁለት መቶ ይሞላሉ።»

«አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«ከፈለግህ ትነግረኛለህ ብዬ።»

ሜትሮውን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። ሲያወርደው ማየቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

«አልለያቸውም» አለኝ። «ቀለሞቹን። ከተወለድኩ ጀምሮ።»

እጄ ከመኪናው ቁልፎች ላይ አልተነሳም። ልቤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ሁለት መቶውን ካርቶን አንድ በአንድ አነሳ። ለሰው ብርሃን ሆኜ መኖሬን አላውቅም ነበር። ፈጣሪ ሰውን ሳያስታውቀው ያሠራዋል።

«እና… ጥቁርና ነጭ ነው የምታየው?» አልኩት።

«አንቺም!» ብሎ ሳቀብኝ፣ ከልቡ። «ያን ልጅ ስታዳምጪ ውለሽ ተበከልሽ። ስሚ፣ ሰማያዊ ለኔ ሰማያዊ ነው፣ ቢጫም ቢጫ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይጮሁብኛል፤ የሚያጣሉኝ ጎረቤታሞቹ ናቸው። አረንጓዴና ቡናማ ሲመጡ መንትያ ይሆኑብኛል። ቀይ ቅጠል ውስጥ ከገባች ትሸሸገኛለች። ሮዝ ፈዘዝ ካለች ግራጫ ናት። ሐምራዊ የምትሉት ነገር ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ እስካሁን ሰማያዊውን ደብቃችሁ የምትቀልዱብኝ ነው የሚመስለኝ።»

«የትራፊክ መብራትስ?»

«ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። የታችኛው ለኔ ነጭ ነገር ነው። በቦታው እስካለ ድረስ ምን ጨነቀኝ? እኔ የምኖረው በቦታ ነው። ክሮቼ በቦታ፣ ጨርቆቼ በቦታ። ቬልቬቱን በእጄ፣ ሱፉን በአፍንጫዬ። የቀረውን አንቺና ሚስቴ።»

«ተሳስተህ አታውቅም?»

«አንዴ። ያቺ የወታደሮች ተውኔት ትዝ ትልሻለች? አሥራ ሁለት ወታደር፣ አሥራ አንዱ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ፣ አንዱ ቡናማ?»

እንዴት አይታወሰኝ። ጋዜጣ ላይ አንድ ሐያሲ ግማሽ ገጽ ጽፎባት ነበር፤ ቡናማው ወታደር የሕዝብ ኅሊና ምሳሌ ነው፣ አዘጋጁ ረቂቅ ሰው ነው ብሎ። አዘጋጁም ጽሑፉን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

«ኅሊናው እኔ ነኝ» አለ ሜትሮ። «ካርቶኗ ወድቃ ነው።»

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ፣ ድምፁም ወረደ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ስለሆነው ነገረኝ።

ትምህርት ቤት በገባ በሦስተኛው ወር ነው። አስተማሪው ዛፍ ሣሉና ቀለም ቀቡ አሏቸው። ወረቀታቸው የተላጠ የቀለም እርሳሶች ነበሩ፤ ስም የሌላቸው። እሱ ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ አድርጎ አስረከበ። አስተማሪው አባቱን አስጠሩና ሥዕሉን ለማሳየት እንኳ ጊዜ ሳይወስዱ በር ላይ ቆመው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ «ልጅዎ ቀለም አይገባውም።»

«አባቴ ፊደል አልቆጠረም» አለኝ ሜትሮ። «ለሱ ቀለም ማለት ትምህርት ነው። ቀለም አይገባውም ከተባለ፣ ልጁ ደደብ ነው፣ አለቀ። የትኛው ቀለም ብሎ አልጠየቀም። አስተማሪውም የቀባውን ቀለም ማለቴ ነው ብለው አልመለሱት። በማግስቱ ደብተሬን ተቀብሎ አጎቴ ልብስ ስፌት ቤት ወሰደኝ። አጎቴ የሚሰፋው ነጭ የሐኪም ካፖርትና ካኪ ብቻ ስለነበር ተርፌ አደግሁ። የሚገርምሽ፣ ደብተሩን ከቀማኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈተና ውጤት መጣ። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ማን ያነበው? አባቴ ማኅተሙን አይቶ የመባረሪያ ወረቀት መስሎት አጣጥፎ አስቀመጠው።»

ለአባትየውም ለአስተማሪውም በልቤ ጸለይኩላቸው፤ ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

«የዓይኔን ነገር ስሙን ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ ነው» ሲል ቀጠለ። «መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሄጄ በነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ አሳዩኝ። ቁጥሩን ንገረኝ አለኝ መርማሪው። ምን ቁጥር? ነጠብጣብ ብቻ! ሰውዬው ሳቀና ‹ታዲያ እኔ ምን ቀለም ነኝ?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም። ከእናት ነው የሚመጣው አሉኝ። የእናቴ አባት ቲማቲም የሚለቅመው በእጁ እየጨበጠ ነበር፤ እኛ ጠንቃቃ ነው እንል ነበር። እናቴ ግን ደህና ታያለች፣ ሴቶቹ በብዛት ተሸክመው ያሳልፉታል እንጂ አይታይባቸውም። ልጄም ደህና ታያለች። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ገና ጥርስ አላወጣም። ግማሽ በግማሽ ነው አሉኝ፤ ወይ ደርሶበታል ወይ አልደረሰበትም።»

«ለሱ ነው የምታስበው።»

«የነገው አስተማሪው ይሄን ተውኔት አይቶ ቢወጣ፣ ቀለም የማይለይ ማለት ሁሉ ነገር አመድ የሆነበት፣ እየዳበሰ የሚያለቅስ ሰው ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ያ ሕፃን ደግሞ ሰማያዊውን ሰማያዊ፣ ቢጫውን ቢጫ እያለ አረንጓዴው ላይ ሲሳሳት፣ ‹ይሄማ ያያል፤ ሰነፍ ነው› ይሉታል። እንደኔ።» ሜትሮውን ከጣቱ ፈታው። «ውሸቱ የደራሲው ይሁን፤ አያውቅም። የሚሰፋው ግን በኔ እጅ ነው። ብናገር ደግሞ ታውቂያለሽ፤ የመብራቱን ሰው አይተሻል። እኔ ከዚህች መኪና ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ትነግሪያቸዋለሽ?»

«የኔ አይደለም፣ ምኑን እነግራለሁ። ተናገርክም ዝም አልክም ግን፣ ነገ ክር ሲመጣ ስም አወጣለሁ።»

ምክር አልሰጠሁትም። ምክር አላውቅበትም፤ ለሰው የማውቅለት ማዳመጥና፣ ሰውየው ሲወጣ ስሙን አንስቶ መጸለይ ነው።

ሰማያዊው ኮት ተሰፋ። ቢጫው እራፊ እንደ ፀሐይ በራ። ተውኔቱ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ደራሲው ይንቆራጠጣል፤ እኔ ጥግ ላይ ገጾቼን ይዣለሁ። ሜትሮ መድረኩ ላይ ተንበርክኮ፣ አፉ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ደርድሮ፣ የተዋናዩን ሱሪ ጫፍ እያጠፈ ነው።

ተዋናይቱ የወረቀት አበባ እቅፍ አጠገብ ቆማ «ቀዩን ስጠኝ» አለች። ተዋናዩ ሁለት እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዳብስ ጀመር።

«የበለጠ ይንቀጥቀጥ!» አለ ደራሲው።

ተዋናዩ ቆመ። «ወንድሜ፣ አትቆጣኝና አልገባኝም። ሰውዬው አበባዎቹን ያያቸዋል አይደል? ታዲያ ምን ያዳብሰዋል? ዕውር ልሁን ወይስ ምን ልሁን? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ያያል፣ ግን… አያይም» አለ ደራሲው።

«ይሄን ለዓይኔ ንገረው እስቲ።»

ተዋናይቱ ሳቀች። ደራሲው ጸጉሩን ያዘ። በዚህ መሐል ሜትሮ መርፌ ቁልፎቹን ከአፉ አንድ በአንድ እያወጣ ክንዱ ላይ ካሰራት ትንሽ ትራስ ላይ ሲሰካ አየሁት። ስድስት ነበሩ። ስድስተኛውን ሰክቶ ቀና አለ።

«ዞር በልልኝ፣ ላሳይህ» አለው ተዋናዩን።

«ጋሽ ሜትሮ፣ ተዋናይ ሆኑ?» አለ ልጁ እየሳቀ።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ። ከአንተ ይበልጣል።» ወደ ተዋናይቱ ዞረ። «በይ ልጄ፣ ጠይቂኝ።»

«ቀዩን ስጠኝ» አለች።

ሜትሮ አልተንቀጠቀጠም፤ አልዳበሰም። ፈገግ ብሎ ወደ አበባው ጎንበስ አለና፣ ዘና ብሎ፣ እንደ ባለሱቅ፣ «የቱን ነው የወደድሽው? ከላይ ያለውን ነው ወይስ ወደ ዳር ያለውን?» አላት።

«ያንን!» ብላ ጣቷን ቀሰረች።

አንሥቶ ሰጣት። ተቀበለችው፣ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አበባ አየች፣ ከዚያ እሱን አየች።

«አየሽ፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ» አለ። «እኔ አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። አታውቂም፤ አልጠረጠርሽም። ቀለም የማይለይ ሰው እንዲህ ነው። አያለቅስም። ሥራ ላይ ነው።»

«ጋሽ ሜትሮ፣ እርስዎ…» ብሎ ደራሲው ሳይጨርሰው ቀረ።

«አዎ፣ እኔ» አለ ሜትሮ። «አረንጓዴና ቡናማ አልለይም። ቀይም ይጠፋብኛል። ቢጫና ሰማያዊ ግን እኔንም አያምታቱኝም፤ ይሄ ኮት ሳየው ዓይኔን ያመኛል።»

ሥራ አስኪያጃችን ቀይ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ደማቸው ከአንገታቸው ተነስቶ እስከ ጆሯቸው ይወጣል፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ምልክት ያውቃል፤ ሲያየው አፉን ይዘጋል። አሁን ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ተዋናዩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ። ተዋናይቱ አቀረቀረች። ደራሲው የሚገባበት ጠፋው።

ሜትሮ ግን አላየም። ከፊቱ ያለውን ፊት እያየ አላየም፤ እሱ ዘንድ ያ ፊት የወትሮው ፊት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ እኛ በፍርሃት የተለጎምንበት ነገር ለእሱ የለም። እናም ቀጠለ፤ በእርጋታ፣ ለጎረቤት እንደሚነግር ሰው።

«ጋሼ፣ በእርስዎም ላይ ሠርቼዋለሁ። በተለይ በእርስዎ ላይ። ባለፈው ዓመት ‹ያን ቀይ መጋረጃ አምጣ› ሲሉኝ፣ ‹የከበደውን ነው የቀለለውን?› አልኩዎት። ‹የከበደውን› አሉኝ፤ አመጣሁ። ‹አረንጓዴው ካባ የታለ› ሲሉኝ ‹ለማን የተሰፋው?› እልዎታለሁ። አንድም ቀን በስፌቴ ላይ ስህተት አላገኙም፤ ምክንያቱም ቀለም ስለማያታልለኝ ክሩን ነው የማየው፣ ሽመናውን ነው የማየው። ቅር የሚለኝ መዋሸቴ ነው። አሁን ይሄ ልጅ ሳያውቅ ሊዋሽ ነው፤ አውቄ ዝም ብል የኔ ውሸት ሁለት ሆነ። አንዱ በቃኝ።»

እኔ የምሰማው የሥራ አስኪያጁን ትንፋሽ ነበር። መጀመሪያ በአፍንጫ ነበር፣ አጭር አጭር። ሜትሮ ሲናገር ሲናገር ረዘመ። ሲጨርስ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«ቀለም አልለይም ብልዎት ልብስ ሰፊ አድርገው ይቀጥሩኝ ነበር?»

ብዙ አሰቡ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴታ!» ይል ነበር። እሳቸው ግን ቃል አያባክኑም።

«አልቀጥርህም ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ ዝግ ብለው፣ «እንኳን አላወቅሁ።»

ከዚያ ተነሥተው ቁልፋቸውን እየቆጠሩ ወጡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ፣ «ሱሪው አላለቀም፤ ምን ትሠራለህ ቆመህ?» አሉት።

ሜትሮ ወደኔ ተመለከተ። ድምፁ የሥራ ትእዛዝ እንጂ የማሰናበቻ አይደለም፤ ይህን እሱም እንደኔ ያውቀዋል። መርፌ ቁልፎቹን መልሶ አፉ ውስጥ ደረደረና ተንበረከከ።

ሥራ ግን የት አለ! ተዋናዩ ሸሚዙን ጎትቶ «ይሄስ ምን ቀለም ነው ጋሽ ሜትሮ?» አለ፤ ተዋናይቱ ጫማዋን አነሳች፤ የመጋረጃ ጎታቹ ሳይቀር ከላይ «ይሄስ?» እያለ ገመድ ያወዛውዛል። ሜትሮ በመርፌዎቹ መሐል፣ «ተራ ያዙ! ከዚህ በፊት ይሄን ጥያቄ ስሸሽ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ በነፃ ነው» አላቸው።

ደራሲው ግን አጠገቡ ቁጢጥ አለ። አንገቱን ደፍቷል። «ሐኪሙን ምን ላድርገው?»

«አሰናብተው። የታመመ ሰው የለም።»

«መድኃኒቱስ? ሰዎች መነጽር አለ ይላሉ።»

«አጥልቄ አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ነገር ደመቅ ያደርገዋል እንጂ ዓይን አይለውጥም። ለሱ ብለህ ሰው አታንበርክክ።»

«ታዲያ መጨረሻው ምን ይሁን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ደራሲው አንተ ነህ» አለ ሜትሮ። ከዚያ አዘነለት መሰለኝ። «ሰውዬው አበባውን ይስጣት። እንዴት እንደሰጣት እሷ ትወቅበት። ከዚያ ትናደድ፣ ትሳቅ፣ ትተወው፣ የእሷ ነገር ነው። እሱን ግን አታስለቅሰው፤ እስካሁን ማልቀሻ ጊዜ አላገኘም።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከደራሲው ጋር ሁለተኛውን ገቢር እንደገና ስንጽፍ ዋልን። የሚያስቀው ሌላ ቦታ ሄደ፤ የሚያሳዝነውም ቦታውን ለወጠ። አንዳንዴ ልጁ መሐል ላይ ዝም ይልና ግድግዳውን በጣቱ ይመታል፤ «ጋሽ ሜትሮ፣ የበሰለ ሙዝስ?» ከወዲያ መልሱ ይመጣል፤ «ሙዝ ቢጫው ደህና ነው፣ ጥሬው ነው የሚያጭበረብረኝ፤ ስለዚህ እጨብጠዋለሁ።» እኔ እጽፋለሁ። ቅንፍ ውስጥ «ያለቅሳል» የሚል ቃል አንድም አልቀረም።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም። ይቅርታም አላሉም፤ አመስግነውም አያውቁ። ተውኔቱ የተከፈተ ሰሞን ግን አንድ ጠዋት በሜትሮ በር ላይ ቆመው ሲያዙ ሰማሁ። «ያን ቀዩን…» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

«ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቀኝ ሁለተኛውን ጨርቅ አምጣልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሜትሮ፤ ወንበሩ ሲገፋ፣ እግሩ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ሰማሁ፤ ሳይጠይቅ፣ ሳይቀልድ፣ ቀጥ ብሎ።